የጎጆው ጭስ እስከ ልብ ይደርሳል

ለእርከን ሥራ፣ ለመስኖና ለማዳበሪያ በየገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ዕቅድም ይወጣል። ጎጆውን ስለሚሞላው ጭስ ግን ስብሰባ ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ጭስ ዓይን ከማስለቀስ ያለፈ ጉዳት እንደሌለው በመቆጠሩ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

የኩበትና የእርጥብ እንጨት ጭስ ለብዙ ዓመታት የገባበት ሳንባ የአየር ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ወደ ደም የሚገባው ኦክሲጅን ሲያንስ በሳንባ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ደሙን ወደ ሳንባ የሚገፋው የቀኝ የልብ ክፍል በጠበበው መንገድ ለማሳለፍ ሲታገል በመጀመሪያ ይወፍራል፤ ቆይቶም ተለጥጦ ይደክማል። ያን ጊዜ ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ ጉበት ያብጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይነፋል። ሲጋራ እንዲሁም ሳንባን ጎድቶ ያለፈ ነቀርሳም ወደዚሁ ሊያደርሱ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ፓድማቫቲና ባልደረባቸው ይህን የልብ ሕመም በሕንድ ዴልሂ ሲያጠኑ ብዙ ሴቶች ታመው በማግኘታቸው የማድ ቤቱን ጭስ በምክንያትነት አንስተዋል። በቻይና ዥዋንዌይ የድንጋይ ከሰል ከሚያነዱት ገበሬዎች መካከል ምድጃቸው ላይ የጭስ መውጫ ያስተከሉት በሳንባ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። እንግዲህ ጉዳቱ የሚቀነስ ነው።

ዳገት ስትወጣ ደጋግማ የምታርፍ፣ ሁለቱም እግሮቿ ያበጡ እናት «እርጅና ነው» ወይም «ምች መታት» ተብላ ቤት መዋል የለባትም። (በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ሌላ በሽታ ነው፤ ለይቶ የሚያውቀው የጤና ባለሙያ ነው።) የተጎዳ ሳንባ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጭሱን ማራቅና ሕክምና ግን ሕመሙ እንዳይፋጠን ያግዛሉ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ ማስመርመር የግድ ነው።

ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ ማገዶን ማድረቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንጀራ የሚጋገርበት በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ደግሞ ማገዶ ይቆጥባል፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ ሲጨመርበት ጭሱን ከቤት ያስወጣል። «ምድጃ የሴቶች ጉዳይ ነው» የሚል የማኅበር መሪ ካለ የሚጠፋው ማገዶ ከማን ማሳ ዳር እንደሚቆረጥ ቢያስብ ይበጃል። የምድጃው ቅርጽ ማውጫ አንድ ጊዜ ከተገዛ ለብዙ ቤት ያገለግላል፤ ቅርጹን ማኅበሩ፣ ሲሚንቶውን ቤተሰቡ ቢችል ሥራው ከበልግ እርሻ በፊት ሊጀመር ይችላል።