ስለ ቆሼ ለሚያስጠኑ የዩኒቨርሲቲ መምህራን



የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ መድፊያ አጠገብ ነው። ተማሪ ሲመጣ ከሩቅ እናውቀዋለን፤ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አፍንጫውን እንዳይሸፍን ይሉኝታ ይዞት ይቆማል። መጠይቁ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ብሎ ይጀምርና የቤተሰብ ብዛት፣ የወር ገቢ፣ «ሽታው ያስቸግርዎታል?» እያለ ይቀጥላል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሞልቻለሁ።

ሦስተኛዋን ልጅ፣ «ይህንኑ አስተማሪሽ ጠይቆኝ ነበር፤ የእሱን አንብበሻል?» አልኳት። ቆሼን ማጥናቱንም አልሰማችም። የዋቢዎቿን ዝርዝር አሳየችኝ፤ በ1992 ማኒላ አጠገብ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው የቀበረው የፓያታስ ቆሻሻ ክምር አለ። የመምህሯ ስም የለም። የኛም ክምር በተናደበት ሰፈር ቆመን ነው ይህን የምናወራው።

በእሷ አልፈርድም። የመምህሩን ሥራ ከየት ታምጣው? ወይ በክፍያ በሚነበብ የውጭ መጽሔት ወጥቷል፣ ወይ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ድረ ገጹ ላይ ማኖሩ ደግ ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ «እስቲ ክፈቱት» የሚል መምህር ይፈልጋል። (አማካሪን ለማስደሰት ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ መሰካትም አለ፤ እጅ መንሻ ነው፣ እሱን አልጠየቅሁም።)

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሯል። በ2008 ቆሼን እንዲተካ የተከፈተው የሰንዳፋ መድፊያ በገበሬዎች ተቃውሞ ሲዘጋ የቆሻሻ መኪኖቹ ተመልሰው መጡብን። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት። በነሐሴ 2010 ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ኃይል ማመንጫ እዚሁ ተመረቀ። ታዲያ ክምሩ ከመናዱ በፊት በጥናት የተለካው የሰፈሩ ውኃ ጥራት ከዛሬው ጎን ካልተቀመጠ፣ የተለወጠውን በምን እናውቃለን? ተማሪው ሁሉ ከሀ ይጀምራል፤ እኛም ቤተሰባችንን እንደገና እንቆጥርለታለን።

ስለዚህ የትብብር ደብዳቤውን ከመፈረማችሁ በፊት ለተማሪዎቻችሁ የራሳችሁንና ከእነሱ በፊት የተመረቁትን ጽሑፍ ስጧቸው። «የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ» በሏቸው። ተማሪውን ለመፈተን ስትቀመጡም «ከአንተ በፊት ቆሼን ማን አጠና?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚቀጥለውን ልጅ ስትልኩ ደግሞ የሽታውን ጥያቄ አስዘልሉት። መልሴ ሦስት ጊዜ ተጽፎ እናንተ ዘንድ ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቆሼ ነዋሪ