ከእንፍራንዝ እስከ ሮም፦ የምንወደው አገር እና የሚያስገባን አገር

«አውሮፓ ብትሄዱ መጀመሪያ የት አገር ትጎበኛላችሁ?»

ጥያቄውን ያነሳው ከመሀላችን ታናሹ ነው። እንፍራንዝ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ልጁ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ነበር። ቪዲዮው ላይ አንድ ወጣት ቦርሳውን አዝሎ በአሥር ቀን ስድስት አገር ያዳርሳል። ጠዋት ፓሪስ፣ ማታ ብራስልስ።

መልሱ እንደ ጉድ ወረደ። አንዱ ጣሊያን አለ፣ አንዱ ጀርመን። ሌላው «እንግሊዝ፣ ለአርሴናል ስል» ብሎ አሳቀን። አራተኛው ስዊድን አለ። «ስዊድን ደግሞ ምን አለ?» ስንለው፣ «የአክስቴ ልጅ አለች» አለ።

ሳቅንበት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ከሁላችንም እውነቱን የተናገረው እሱ ነው። እኛ ዘንድ «የትኛውን አገር መጎብኘት ትፈልጋለህ?» ሲባል፣ ጥያቄው ውስጥ ለውስጥ «እዚያ ማን አለህ?» ማለት ነው። አይቶ መመለስ የሚባል ነገር በሐሳባችን ውስጥ ቦታ የለውም። ለምን የለውም? ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚህ ነው።

የእኔ ዝርዝር

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ኢኮኖሚክስ ብማርም ታሪክ ይስበኛል፤ ዝርዝሬም እንደዚያው ነው።

አንደኛ ጣሊያን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰበትን የቆስጠንጢኖስ ቅስት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ያኔ የአክሱም ሐውልት ሮም ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቫቲካን ውስጥ ደግሞ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አያቶቻችን ከ500 ዓመት በፊት ሮም ደርሰዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ ፈረንሳይ። ለኤፍል ታወር አይደለም። ጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ሥዕሎቹን አንስቶ በምትካቸው ቅጂ ትቶ ሄደ። ዋናዎቹ ዛሬ ያሉት ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። የጎንደር ልጅ የጎንደርን ሥዕል ለማየት የፈረንሳይ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት።

ሦስተኛ ጀርመን። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋችን አስተማሩት። ሉዶልፍ በኋላ፣ በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ኢትዮጵያዊው አውሮፓ የሄደው አስተማሪ ሆኖ ነበር።

አራተኛ እንግሊዝ። ከመቅደላ የተወሰዱት ቅርሶች ለንደን ናቸው፤ የቋራው ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ደግሞ ዊንዘር ተቀብሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሼንገን የሚባለው ቪዛ ለ29 አገሮች ይሠራል፤ እንግሊዝ ግን ከእነሱ ውስጥ የለችም። ቪዛዋ ለብቻው ነው።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል። አሥር ዩሮ ምን አላት? ትሉ ይሆናል። ችግሩ ዩሮው ሳይሆን የእኛ ብር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዩሮ በባንክ 62 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 80 ዩሮ ወደ 5,000 ብር ይመጣል። አሁን ዩሮውን በ160 ብር እንኳ ብናስበው 90 ዩሮ 14,400 ብር ነው። በዩሮ ጭማሪው ከመቶ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ፤ በብር ግን ክፍያው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል።

ከደመወዝ ጋር አስተያዩት። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተደረገው ማስተካከያ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጀምርበት ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ወር ሙሉ ሠርቶ፣ ሳይበላና የቤት ኪራይ ሳይከፍል እንኳ የማመልከቻውን ክፍያ አይሞላም። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። እዚያ ዝቅተኛ ተከፋይ የሆነ ሰው 90 ዩሮን በሰባት ሰዓት ሥራ ያገኛታል። ለእነሱ የአንድ ቀን ሥራ፣ ለእኛ ከወር በላይ።

ይህ ደግሞ ትኬቱን፣ የሆቴሉን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መመላለሱን ሳይጨምር ነው። ቪዛው ቢከለከል ክፍያው አይመለስም። በሌላ በኩል አንድ ጀርመናዊ ጎንደርን ለማየት ቢፈልግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ የኢትዮጵያን ቪዛ ማመልከት ይችላል።

የማን ጥፋት?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ወሰነ። የማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። አገሮቹ ለታወቀ አመልካች አንዳንድ ሰነዶችን ያስቀሩ የነበረው አሠራር ቆመ። ደጋግሞ መግቢያ ቪዛም ቀረ። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙትም ክፍያው እንዳይማርላቸው ተባለ።

ምክንያቱ ቱሪስት አይደለም። ኅብረቱ ያለው፣ እዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም ነው። ሁለቱ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አመላለሱ ሥርዓት ተስማምተው ነበር። አልተሠራበትም ብለው ሲያምኑ ተጭነው ይይዙበታል ያሉትን ገመድ ሳቡ። የገመዱ ጫፍ የታሰረው ግን የእኛ አንገት ላይ ነው። መተማን እንኳ ተሻግሮ የማያውቅ የእንፍራንዝ ልጅ፣ ባልተገኘበት ስምምነት 45 ቀን ይጠብቃል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሌላውንም ልበል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ የሸሸው ጦርነት ነው፣ አንዳንዱ ሥራ ማጣት። ማንንም አልፈርድም። ግን ለቪዛ መኮንኑ እኔና እሱ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘን ስንመጣ መለያው የለውም።

በእኔም ደርሷል። ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ተጋብዤ ነበር። አገሩን አልጠራም። ትኬቱን ጋባዦቹ ችለውኝ ነበር፤ የቪዛውን፣ የኢንሹራንሱንና የአዲስ አበባውን መንገድ ከኪሴ አወጣሁ። ስድስት ሳምንት ጠብቄ ያገኘሁት ወረቀት ላይ አንዲት ሳጥን ምልክት ተደርጎባታል፤ ጊዜህ ሳያልቅ መመለስህን እንጠራጠራለን የምትል። ነጠላ ነኝ፣ ቋሚ ደመወዝ የለኝም፣ ቤት በስሜ የለም። ወጣት ነኝ ማለት ነው። የተከለከልኩት ባደረግኩት ነገር ሳይሆን እኔን የመሰሉ ሰዎች ያደርጋሉ ተብሎ በሚገመተው ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ስማር ስሙን በቃሌ ሸምድጄው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የሙዝ ቅቤ

ያ በረንዳ ላይ «ጣሊያን» ያለው ጓደኛዬ ስልክ ይጠግናል። ስንነሳ ወደ ጎን ወሰደኝና «አንድ ነገር ላማክርህ» አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ደላላ አግኝቷል። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ ሁሉንም አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። ገንዘቡ ለጥቂት ሳምንት በስሙ ገብቶ ይወጣል። እሱ መክፈል ብቻ ነው። የሚከፍለው ደግሞ ለሱቁ ማስፋፊያ ያጠራቀመውን ነው።

«ሁሉም የሚያደርገው እኮ ነው» አለኝ።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ገበያ ላይ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ሲበዛ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። ገዢው ንጹሑን ከተቀላቀለው መለየት ሲያቅተው ሁሉንም በርካሽ መጠየቅ ይጀምራል። ንጹሕ ቅቤ ያላት ሴት ዋጋው ስለማይቆርጥላት ይዛው ትመለሳለች፤ በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው የሙዙ ብቻ ይሆናል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት ይህንኑ ነገር እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌነት ጽፎ በኋላ ኖቤል ተሸልሞበታል። የገበያ ሴቶቻችን ግን ከእሱ ቀድመው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ስቴትመንትም እንደዚያው ነው። የተዘጋጀ ስቴትመንት በበዛ ቁጥር እውነተኛው ዋጋ ያጣል። መኮንኑ ወረቀቱን ማመን ሲያቆም ወደ ሌላ ነገር ያያል፦ ዕድሜህ፣ ትዳርህ፣ የመጣህበት አካባቢ። ዛሬ ደላላው የሸጠልህ ወረቀት ነገ የእህትህን እውነተኛ ወረቀት ይጥላል።

ለራሱም አያዋጣም። የማመልከቻ መረጃና አሻራ የሚቀመጠው አንድ ኤምባሲ መሳቢያ ውስጥ አይደለም። ሼንገን አገሮች በጋራ የሚያዩት ሥርዓት አለ፤ መረጃው እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ጣሊያን የያዘችው ሐሰተኛ ሰነድ ስዊድንም ይጠብቅሃል። ደላላው ግን ሲከለከልም ሲፈቀድም ገንዘቡን ወስዷል። አደጋው ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው።

ፋሲልም በር ዘግቷል

ከእንፍራንዝ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ጣናን የሚያይ የጉዛራ ግንብ አለ። በአጼ ሠርጸ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደተሠራ ይነገርለታል። እንደዚያ ከሆነ ከፋሲል ግንብ ይቀድማል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ፣ ስኮትላንዳዊው ብሩስ ደግሞ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በእንፍራንዝ አልፈው ስለ ከተማዋ ጽፈዋል። እኛም የሰው ዝርዝር ውስጥ ነበርን።

ግን አንድ ነገር አይረሳ። አጼ ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ካባረሩ በኋላ አውሮፓውያን እንዳይገቡ በሩን ዘግተው ነበር። የምጽዋና የሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት ጭምር እንዳያሳልፉ ተስማምተዋቸዋል። ለምን? ኢየሱሳውያኑ አገር ስላመሱ። ከዚያ በኋላ የመጣ ነጭ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ እንደነሱ ይጠረጠር ነበር። ፖንሴ የገባው ንጉሡ ሐኪም ስለፈለጉ ነው። የዛሬ «ልዩ ባለሙያ ቪዛ» በሉት።

ይህን የማነሳው ለአውሮፓ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። የፈራ መንግሥት የሚያደርገው የትም ቦታ አንድ ነው ለማለት ነው፤ ባለፈው ሰው ጥፋት የሚመጣውን ይቀጣል። በሩ ግን ለዘላለም አይዘጋም። ጋምቢያ እንዲህ ያለ ቅጣት ተጥሎባት ክፍያው እስከ 120 ዩሮ ደርሶባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጭማሪው ተነስቶላታል። በድርድር የሚነሳ ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችንን ለኤምባሲው ብቻ ሳይሆን ለራሳችን ውጭ ጉዳይም እናቅርብ፦ ዜጎች ያለጥፋታቸው የሚከፍሉት ይህ ቅጣት መቼ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው?

እስከዚያው የምታመለክቱ ከሆነ፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ከጉዞው በፊት እስከ ስድስት ወር ድረስ ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ እኔ በመጨረሻው ሰዓት ነው የሮጥኩት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር እንጂ «ይቀላል» ለተባለው አይደለም። ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አላችሁ። እኔ ሳላውቅ ቀኑን አሳለፍኩት። እንደ ኬንያ ያለ፣ ቪዛ የማይጠይቀን አገር ደርሶ መመለስም ፓስፖርት ላይ የሚናገረው ነገር አለ።

ለጓደኛዬም ይህንኑ ነገርኩት። ወዲያው እሺ አላለኝም። «አንተ በእውነተኛ ወረቀት ሄደህ ምን አገኘህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ሐቀኛውም ውሸታሙም እኩል የሚከለከልበት በር ላይ ሐቅን መስበክ ከባድ ነው። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ የከሰርኩት ገንዘብ ነው፤ ስሜ አለ። እንደገና ማንኳኳት እችላለሁ።»

ገንዘቡን ለደላላው እስካሁን አልላከም። «ትንሽ ልሰብበት» ብሏል። ሱቁ ክፍት ነው፤ ትናንት የስልኬን መስታወት የቀየረልኝ እሱ ነው።

እናንተስ? ቪዛ የሚባል ነገር ባይኖርና ቲኬቱ በእጃችሁ ቢሆን፣ መጀመሪያ የት ትሄዳላችሁ? መልሱን ስትሰጡ ግን የአክስት ልጅ ያለበትን አገር አውጡና ተናገሩ።