«በወንድ ያልቅ» እስከ መቼ?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። በሠርግ ቤት ይባላል፤ በስብሰባ ላይ ይባላል፤ አንዳንዴም ሳቅ እየታከለበት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ይባላል። ነገ ጠመኔ ጨብጠን በልጆች ፊት የምንቆም እጩ መምህራን ግን እንደ ቀልድ ሰምተን ልናልፈው አይገባንም እንላለን። ለምን ቢሉ፣ አባባሉ ቃል በቃል የደረሰባቸውን አንዲት ሴት የሥራ ታሪክ ስንመለከት የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳፍር ሆኖ ስላገኘነው ነው።

እኒህ ሴት ወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከመጀመሪያዎቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች አንዱን አቋቁመው ለብዙ ዓመታት መርተዋል። ያረፉት በ2025 በ91 ዓመታቸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይወቁልን።)

ወይዘሮ ስቴፋኒ በ1933 በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዳኛ ነበሩ፤ አይሁዳዊ በመሆናቸው ናዚዎች ከሥራቸው አባረሯቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1939፣ ወላጆች ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን በባቡር ጭነው ወደ እንግሊዝ ላኩ። ታላቂቱ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ታናሺቱ ስቴፋኒ ደግሞ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያን ጊዜ ያለ ወላጅ እንግሊዝ ከገቡት 10,000 ያህል ሕፃናት መካከል ነበሩ ማለት ነው። የማያውቁት ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው።

ለእኛ ለመምህራን የሚሆነው ቁም ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስቴፋኒ ኦስወስትሪ በምትባል ከተማ በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ አይሰጥም ነበር። እሳቸው ግን ነፍሳቸው ሒሳብ ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? ተፈትነው ችሎታቸው ከታየ በኋላ፣ የሒሳቡን ትምህርት በከተማው የወንዶች ትምህርት ቤት እየሄዱ እንዲከታተሉ ተፈቀደላቸው። ልብ በሉ! ለዚህ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ ልዩ ገንዘብ አልተመደበም። አንድ ፈተናና አንድ ፈቃድ ብቻ በቃ። ያ ፈቃድ ባይሰጥ ኖሮ ከዚህ በታች የምንተርከው ሁሉ ባልኖረ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ትምህርት ቤት ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ለሴት ክፍት ነው የተባለው የሳይንስ ትምህርት የዕፅዋት ጥናት ብቻ ስለነበረ ትተውት ወደ ሥራ ዓለም ገቡ። ዶሊስ ሂል በሚባል ቦታ በነበረው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጥረው ኮምፒዩተር ከሚሠሩት ጋር ሠሩ። ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ በስድስት ዓመት በሒሳብ ዲግሪያቸውን ያዙ። ማታ ተማሪ ሆኖ ስድስት ዓመት መዝለቅ ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በ1962 በስድስት ፓውንድ መነሻ ገንዘብ፣ በገዛ ቤታቸው በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ የተባለውን ኩባንያ ጀመሩ። ሰው ሳቀባቸው። በዚያን ዘመን ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚያዘው መመሪያ፣ ከመሣሪያው ጋር በነፃ ይሰጥ ስለነበር «ይህን ማን በገንዘብ ይገዛል? ያውም ከሴት!» ተባለ። እሳቸው ግን ሌላው ያላየውን አይተው ነበር። የተማሩና ሙያውን የሚያውቁ ብዙ ሴቶች ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ሥራ እየለቀቁ ቤት ቀርተዋል። ፕሮግራም ደግሞ በጊዜው በእርሳስ በወረቀት ላይ ይጻፍና፣ በኋላ በካርድ ወይም በወረቀት ጥብጣብ ላይ እየተበሳ ነበር ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ቤት ውስጥ ባይኖርም ልጅ እያሳደጉ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ለሥራ የምታመለክተውን ሴት ይጠይቋት ከነበረው አንዱ «ስልክ ማግኘት ትችያለሽ ወይ?» የሚል ነበር።

አሁን ወደ ተነሣንበት አባባል እንመለስ። ወይዘሮ ስቴፋኒ ሥራ ፍለጋ ለየኩባንያው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። በስማቸው ሲፈርሙ መልስ የለም። ባለቤታቸው «እስቲ ስቲቭ ብለሽ ፈርሚ» አሏቸው። ስቲቭ የወንድ ስም ነው። እንዲያ ብለው መፈረም ሲጀምሩ መልስ ይመጣላቸው ጀመር። አገልግሎቱ ያው፣ ጸሐፊዋም ያቺው፣ የተለወጠው ስሙ ብቻ! ደንበኛ ስልክ ሲደውል ደግሞ የሕፃን ልጃቸው ድምፅ እንዳይሰማ በቴፕ የተቀዳ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ ቤቱ ቢሮ እንዲመስል።

አንዳንዶች ይህን የብልሃት ጨዋታ አድርገው ያወሩታል። ብልሃት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ብልሃቱ የተፈለገው በሴትዮዋ ጉድለት አልነበረም፤ ደብዳቤውን ከፍቶ ስሙን ብቻ አይቶ በሚጥለው ሰው ጉድለት ነበር እንጂ። ሴቲቱ አውቃ ነበር፤ ዕውቀቷ ዋጋ ያገኘው ግን በወንድ ስም ሲፈረም ነው። «በወንድ ያልቅ» ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ሥራው ምን ደረሰ? ከድምፅ የሚፈጥነው የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መዝጋቢ፣ ጥቁር ሳጥን የሚባለው፣ ፕሮግራሙ የተጻፈው ቤታቸው ተቀምጠው በሚሠሩት በእነዚሁ ሴቶች ነው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ውስጥ ወንዶቹ ፕሮግራመሮች ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1975 በእንግሊዝ አገር በጾታ ማዳላትን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ፣ ሕጉ ለሴቶች ጥቅም የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ ይህ የሴቶች ኩባንያም በሩን ለወንዶች እንዲከፍት ግድ ሆነበት። ከፈተም። ወይዘሮዋ የኩባንያውን ድርሻ ለሠራተኞቹ ስላካፈሉ ከእነሱ 70 የሚሆኑት ሚሊዮነሮች ሆነዋል። አንድ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበትና በኋላ ከሀብታቸው አብዛኛውን ለበጎ ሥራ አዋሉት፤ እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤትም አቋቁመዋል።

«ይህ የሠለጠነ አገር ወሬ ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። የሠለጠነ በተባለው አገር ሒሳብ የማይሰጥበት የሴቶች ትምህርት ቤት ነበረ፤ በዚያው አገር የሴት ፊርማ መልስ አያስገኝም ነበር። ሥልጣኔ ብቻውን በር አይከፍትም፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው የሚከፍተው። በሒሳብ ክፍል በር ላይ የሚቆመው ደግሞ መምህሩ ነው፤ ነገ እኛው ነን።

እስቲ ክፍሎቻችንን እንመልከት። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ የመምህሩ ዓይን ቀድሞ ወደ ማን ይሄዳል? ክፍል ይጠረግ፣ ውሃ ይቀዳ ሲባል ማን ይነሣል? በቡድን ሥራ ጊዜስ ስሌቱ ለወንዶች፣ በጥሩ ጽሕፈት መገልበጡ ለሴቶች የሚሆነው በማን ደንብ ነው? ማንም «ሴት ሒሳብ አትማር» ብሎ አላወጀም። አዋጅ አያስፈልግም፤ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ወደ ሰሌዳ ካልተጠራች መልእክቱ ገብቷታል። ወንዶቹም ገብቷቸዋል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በትምህርት ዕቅድ ደብተራችን ኅዳግ ላይ በየክፍለ ጊዜው ስንት ሴትና ስንት ወንድ ወደ ሰሌዳ እንደጠራን እንጻፍ። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጊዜ አይፈጅም። የሚከታተሉን መምህሮቻችንም ድምፃችንንና የሰሌዳ አጻጻፋችንን ሲገመግሙ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢጠይቁን ደስ ይለናል። ስንመለስ ቁጥሮቹን ይዘን በግልጽ እንወያይባቸው።

የምናስተምራቸው ሴቶች ልጆች ሁሉ ኩባንያ ይመሩልናል አንልም። ወንዶቹም ሁሉ አይመሩም። ሒሳቡን የሠራችው ልጅ ግን በራሷ ስም እንድትፈርምበት ማድረግ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው እንላለን።