ለጤናችን፦ ማርያም የሳመችው ሲለወጥ

አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክት ይኖረዋል። «ማርያም የሳመችው» እንለዋለን። ልጁ ሲያድግ ምልክቱም አብሮ ያድጋል። በጉርምስና ሊጠቁር፣ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። መቼ ነው የሚያሠጋው? ይህን ታሪክ አንብቡ።

አንድ የ24 ዓመት ወጣት ገበሬ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ተረከዙ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት ነበረው። ሰኔ ላይ ምልክቱ መስፋት ጀመረ። ኅዳር ላይ ጠርዙ ተዛነፈ። አንዱ ወገን ጠቆረ፤ ሌላው ቀላ። አላመመውምና ዝም አለ። አንድ ቀን ግን ደማ።

ጎረቤቱ «በጋለ ብረት ተኩሰው፤ ይጠፋል» አለው። እናቱ ግን «ተው ልጄ፤ መጀመሪያ የጤና ሠራተኛዋ ትየው» አሉት።

የጤና ሠራተኛዋ እግሩን አጥባ አየችው።

«ወንድሜ፣ መለወጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከሰኔ ወዲህ ነው፣ እህቴ። ግን እኮ አያመኝም።»

«አለማመሙ አያታልልህ። የቆዳ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ካንሰር ነው አልልህም። በዓይን አይቶ መጠርጠር እንጂ ማረጋገጥ አይቻልም። ሆስፒታል ሂድ።»

ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ምልክቱን ቆርጦ አወጣው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ ወደ ውስጥ ርቆ አልገባም ነበር። ዙሪያው ሰፋ ተደርጎ እንደገና ተቆረጠ። ቁስሉ ሲድን ወጣቱ ወደ እርሻው ተመለሰ። ቢተኩሰው ኖሮ ላዩ የዳነ ይመስል ነበር፤ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይሠራጭ ነበር።

ይህ ካንሰር ጥቁር ሰውን ብዙ ጊዜ አይይዝም። ሲይዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ይወጣል። እሾህ የወጋን ይመስለናል። ስለዚህ ማታ ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁንም እዩ።

እነዚህን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦

1. ምልክቱ ከሰፋ ወይም ካበጠ፤
2. ግማሹ ከግማሹ ካልተመሳሰለ፣ ጠርዙ ከተዛነፈ፤
3. ቀለሙ ከተዘበራረቀ፤
4. አዲስ ነጥብ ወጥቶ ከእርሳስ ውፍረት ከበለጠ፤
5. ከደማ ወይም ቆስሎ አልድን ካለ፤
6. ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ወጥቶ ከሰፋ።

አትተኩሱት። በምላጭ አትቁረጡት። ቅጠል አትለጥፉበት።

ጥያቄ

1. ወጣቱ ለምን ዝም አለ?
2. ካንሰር መሆኑ በምን ታወቀ?
3. እናንተ ገላ ላይ ምልክት አለ? ከአምናው ተለውጧል?