የሕፃን አናትና የሰቆጣ ቃል ኪዳን

በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከኢትዮጵያ ምድር እንዲጠፋ ቃል በገባ ጊዜ፣ ለዚያ ቃል ኪዳን የዋግ ኽምራን ርእሰ ከተማ የሰቆጣን ስም መምረጡ፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ልጆቹን አፈር ላለበሰ ሕዝብ እንደ ካሳ ሊቈጠር የሚችል ነገር ነበር። ከዚያም ወዲህ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ሥራው ተጀምሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሚዛን አንግበው፣ የክንድ መለኪያውን ባለቀለም ጥብጣብ ይዘው ገደሉን ሲወጡና ሲወርዱ ማየት የተለመደ ሆኗል። እኔም ይህን ሥራ ከሚያመሰግኑት ወገን ነኝ። ነገር ግን ክብደቱ ተመዝኖ፣ ቁመቱ ተለክቶ፣ ክንዱም ታይቶ ወደ እናቱ ጀርባ ከሚመለሰው ሕፃን ላይ ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚቀር አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ራሱ ነው።

ሥነ ፍጥረትን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የሕፃን ራስ ቅል እንደ አዋቂ ሰው አንድ ወጥ ሆኖ አይወለድም። ዐፅሞቹ በስስ ስፌት ተለያይተው፣ ስፌቶቹ በሚገናኙበትም ስፍራ ክፍት ሆነው የሚቈዩት፣ በአንድ በኩል ጠባቡን የመወለጃ በር ተጣጥፈው እንዲያልፉ፣ በሌላም በኩል ከሥራቸው ያለው አንጎል ሲያድግ ቦታ እንዲለቁለት ነው። ከኋላ ያለችው ትንሿ ክፍተት በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ትገጥማለች፤ እርግብግቢት የምንላት የፊተኛይቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተመንፈቅ ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት ቈይታ ትዘጋለች። ወንድ ልጅ ሲወለድ የራሱ ዙሪያ በአማካይ 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ፣ ዓመት ሲሞላው ወደ 46 ይደርሳል፤ ከዚህም ዕድገት እኩሌታው የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ማለት ሕፃኑ ከአራስ ቤት ብዙም ባልራቀበት ዘመን ነው።

የደጋው እናት ይህችን ስፍራ ማንም ሳያስተምራት ታውቃታለች፤ ትፈራታለችም። ቅቤ ትቀባታለች፣ ከነፋስ ትከልላታለች፣ ሌሊት በመዳፏ ትዳስሳታለች። ቅቤውን የሚነቅፉ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ ግን ቅቤ የሚቀባው እጅ የልጁን አናት ከማንም አስቀድሞ የሚያውቅ እጅ ስለ ሆነ፣ እጁን ከመከልከል የዳሰሰውን ነገር ትርጓሜ ማስተማር ይበልጣል ባይ ነኝ። ልጁ ተቅማጥና ትውከት ይዞት አናቱ ሲጎደጉድ፣ ያ ጉድጓድ በቅቤ የሚሞላ ሳይሆን ሰውነቱ ውሃ እንዳለቀበት የሚናገር ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም ጡትና ኦ.አር.ኤስ. ናቸው፣ ከበረታም ጤና ጣቢያ። ሳያለቅስና ሳይተኛ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ሳለ አናቱ ካበጠና ትኩሳት ካለው ደግሞ ምች መታው ብሎ ቅጠል መጭመቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አናቱ በጊዜው አልገጥም ያለ ሕፃን ነገር ወደ ሁለት ልዩ ልዩ ምክንያቶች ይወስደናል፤ ሁለቱም ለዋግ ሰው ባዕድ አይደሉም። አንደኛው ሪኬትስ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሚወጣበት አገር፣ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ዓይንና ምች ተፈርቶ በጋቢ ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት ስለሚቈይ፣ ቆዳው ከብርሃን የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል። ዐፅሙ አይጠነክርም፤ እርግብግቢቱ ክፍት ይቀራል፣ ግንባሩ ይወጣል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ ሲቆምም እግሩ ይጎብጣል። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት አሳይተዋል፤ በሳንባ ምች ከታመሙት 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 500 ሕፃናት ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የደረቱ ዐፅም የላላበት ልጅ እንዴት ብሎ አክታውን ይጥላል?

ሁለተኛው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ከሚተላለፍባቸው ስመ ጥር ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ያ ከዋግ እስከ ሩቅ አገር እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረ ነጭ አሞሌ ግን አዮዲን የሌለው ነበር። አዮዲን ያነሳት እናት አንገቷ ላይ እንቅርት ይወጣል፤ ከእርሷ የሚወለደውም ሕፃን የእንቅርት ዕጢው ደካማ ሊሆን፣ ያን ጊዜም እርግብግቢቱ ሰፍቶ ሊቈይ፣ አእምሮውም ሊዘገይ ይችላል። ለሰው የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጨውን ከፀሐይና ከእሳት አጠገብ ክፍት ማስቀመጥና ወጡ ገና ሲጣድ መጨመር አዮዲኑን እንደሚያሳንሰው ግን ስንቷ የቤት እመቤት ታውቃለች?

አናቱ ክፍት ከመሆኑም በላይ ራሱ ከሚገባው በላይ የሚፋጠንበት ሕፃን የሁሉም ከባዱ ነው። ሕዝቡ ጭንቅላቱ ውሃ ቋጠረ የሚለው፣ ሐኪሞችም ሃይድሮሴፋለስ ብለው የሚጠሩት ይህ ደዌ፣ አንዳንዱ ከማጅራት ገትር በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ከሚወለድ ልጅ ጋር አብሮ ይመጣል። በጎረቤት ትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 131 ያህሉ የነርቭ ዘንግ ክፍተት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ይህም በዓለም ካሉት ከፍተኛ ቍጥሮች አንዱ ነው። የነርቭ ዘንጉ የሚገጥመው ጽንሱ በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ስለ ሆነ፣ እናቲቱ አራት ወር ሞልቷት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የምትቀበለው የፎሊክ አሲድ ክኒን ይህን ክፍተት ለመከላከል ጊዜው አልፎበታል። ፎሊክ አሲድ በስንዴ ዱቄት ውስጥ በፋብሪካ እንዲጨመር መንግሥት ያወጣው ግዴታ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ማሽላውንና ገብሱን ከገዛ ጎተራው አውጥቶ በቀበሌው ወፍጮ ለሚያስፈጭ በዋግ የዝቋላና የደሀና ወረዳ ገበሬ ያ ዱቄት በምን መንገድ ይደርሰዋል? ስለዚህ ምስሩ፣ ሽንብራውና ጎመኑ ከገበያ ይልቅ ለምራቲቱ ድስት እንዲቀር፣ ክኒኑም ከጋብቻ ጀምሮ እንዲሰጥ ማድረግ ለዋግ ይበልጥ የቀረበ መንገድ ይመስለኛል።

ስፌቶቹ ያለ ጊዜያቸው የሚገጥሙበት ደዌ ከነዚህ ሁሉ ብርቅ ነው፤ ከ2,000 እስከ 2,500 በሚሆኑ ልጆች አንዱን ይነካል። የጭንቅላቱ ቅርጽ ወይ እንደ ጀልባ ይረዝማል፣ ወይ በአንድ ወገን ይጠፈጠፋል፤ በቶሎ ከታወቀ በቀዶ ሕክምና ይቃናል። እርግብግቢቱ ቀደም ብሎ የተዘጋ ልጅ ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም፤ የራሱ ዙሪያ በየወሩ በደንብ እየጨመረ ከሄደ እናቱ በከንቱ አትጨነቅ።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የወንዱ ክርስትና በአርባ ቀን፣ ክትባቱም በአርባ አምስት ቀን ነውና፣ የነፍስ አባቱ ሜሮን ቀብተው ሲያሰናብቱ እናቲቱን በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ «ልጅሽን ራሱን አስለኪ» ቢሏት፣ ጤና ኬላውም ተራ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቡ በላይ አድርጎ ከኋላ ጎላ ባለው ስፍራ አዙሮ ቍጥሩን በካርዱ ላይ ቢጽፍ፣ በሚቀጥለውም ክትባት ደግሞ ቢያስተያየው ይበቃል። በዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ብናውቀውስ ወዴት ልንልከው ነው?» ይላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በኅብረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ዛሬ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ውሃ ለቋጠሩ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል፤ በኡጋንዳ እምባሌ ከተማም ቱቦ ሳይተከል ውሃው በአንጎሉ ውስጥ አዲስ መውጫ እንዲያገኝ የሚያደርግ ጥበብ ዳብሯል። ሪኬትሱ የጠዋት ፀሐይና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ነው የሚፈልገው፤ ለዚያ የሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይበቃል። ውሃ የቋጠረውን ልጅ በሦስተኛው ወር መላክና በዘጠነኛው ወር መላክ ግን ለአዲስ አበባው ሐኪም እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመንገድ የሚያዋጣው የጽዋ ማኅበርም ቢሆን፣ ገና ጡት እየጠባ ለሚስቅ ልጅ ኪሱን መፍታት ይቀለዋል።