ሰፊው ወንበርና የማይጠብቀው መርከብ

አንባቢ ሆይ! ደብረ ታቦር ወይም መካነ ኢየሱስ በአንድ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ወጣት ሠራተኛ ነህ እንበል። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድምህ ስልክ ይደውልና፣ «እናታችንን ከስማዳ አውጥቼ ሮም ላይ ልቀበላት፤ ከዚያም በመርከብ የሜዲትራኒያንን ባሕር ላሳያት አስቤአለሁ። በአውሮፕላኑም ቢዝነስ ክላስ ትቀመጥ። ገንዘቡን እልካለሁ፤ ቲኬቱን አንተ ቁረጥ» ይልሃል። እንዲህ ያለ አደራ በጋይንትም በእስቴም ባሕር ማዶ ልጅ ባለው ቤት ሁሉ ሊመጣ ይችላል።

ጎረቤት ይህን ሲሰማ «ቅንጦት ነው» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ሮም በረራው 6 ሰዓት ያህል ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አሮጊት እግር መዘርጊያ ማግኘት ቅንጦት አይደለም። ቅንጦት የሚሆነው ወንበሩ በጥድፊያ ሲገዛ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች እኩል ዋጋ ከፍለዋል ብለህ አታስብ። አየር መንገድ የአንዱን ክፍል ወንበሮች በልዩ ልዩ ዋጋ ከፋፍሎ ይሸጣል። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ያልቃሉ፤ የጉዞው ቀን ሲቃረብ ውድ ውድ የሆኑት ይቀራሉ። ስለዚህ ዋጋውን ከብዙ ወራት በፊት መጠየቅ ጀምር። «በዚህ ቀን ብቻ» አትበል፤ የሳምንቱን ቀኖች ሁሉ አስመርምር። የፈረንጆችን የገናና የበጋ ዕረፍት ከቻልህ ሽሽ። የደርሶ መልስ ቲኬት ስትገዛም ሁለቱንም ጉዞ በአንድ ማዕርግ ማድረግ ግዴታ ላይሆን ይችላልና፣ የሌሊቱን ጉዞ በሰፊው ወንበር፣ የቀኑን በተራው አድርገህ ዋጋውን አወዳድር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተነገረህ ሒሳብ ከሳምንት ሳምንት ሊለወጥ እንደሚችል አትርሳ።

ሌላም ዘዴ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ስታር አልያንስ የተባለውን ማኅበር ገብቷል። ወንድምህ በሉፍታንዛ፣ በዩናይትድ ወይም በቱርክ አየር መንገድ ሲመላለስ ያጠራቀመው ማይል ካለ፣ በዚያ ማይል ለእናቱ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ወንበር ማግኘት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ወንበር ጥቂት ነው፤ ቀረጥም ይከፈልበታል፤ ቢሆንም መጠየቅ አይጎዳም።

ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ግን ቪዛው ይቅደም። ቪዛ ተከልክሎ ቲኬቱ የማይመለስ ከሆነ፣ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ቦታ ማስያዝ ብቻ ይበቃል። ለጣልያን የሚሰጠው የሼንገን ቪዛ አሻራ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እናትህ ለዚሁ ጉዳይ ራሳቸው አዲስ አበባ መውረድ ይኖርባቸዋል። መርከቡ በመካከል ቱርክን ወይም ግብፅን ጎብኝቶ ወደ ጣልያን የሚመለስ ከሆነ ደግሞ፣ ቪዛው ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ስማቸውም በቲኬቱ ላይ ልክ በፓስፖርቱ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መርከብ እንደ አውቶቡስ «ቆይ፣ መጣሁ» አይባልም። «ሮም» ተብሎ የሚጠራው የመርከብ ወደብ እንኳ ሮም ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ቺቪታቬኪያ በምትባል ከተማ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መሳፈሪያው በርም መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወገዳ ለሚነሣማ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ እናትህ ከበረራው ብዙ ቀን አስቀድመው ከቤት ይውጡ። ሮምም መርከቡ ከሚነሣበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ይድረሱ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ሮም ያለው በረራ በአንድ ቲኬት ይቆረጥ፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ በሌላ በረራ ማሳፈሩ የአየር መንገዱ ኀላፊነት ይሆናል። ለየብቻ ከገዛህ ግን ዕዳው ያንተ ነው። ቦታ ስታስይዝም ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቅላቸው፤ በየትኛውም ማዕርግ ለሚሄድ መንገደኛ በነፃ ነው። የሚገፋው ሠራተኛ እስከ አውሮፕላኑ ስለሚያደርሳቸው፣ ማንበብ የማይችሉ ቢሆኑም አይጠፉም።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ እንደሆነ ለወንድምህ በግልጽ ንገረው፤ ወንበሩን ተዉትና ቀኑን ግዙ። በጠባብ ወንበር ተቀምጦ በጊዜ የደረሰ ሰው ባሕሩን ያያል፤ በሰፊ ወንበር ተንደላቅቆ የዘገየ ግን ወደቡ ላይ ቆሞ የመርከቡን ጭስ ያያል።