መንጋጋን ማስረዘም ለመልክ ብቻ ነውን?

አገጩ ወደ ኋላ የገባ ሰው ሲታይ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መልኩ ነው። በተማሪ ቤትም ቅጽል ስም ቶሎ የሚወጣለት እርሱ ነው። ስለዚህ የታችኛውን መንጋጋ በቀዶ ጥገና ማስረዘም ይቻላል ሲባል፥ «ስንት ችግር እያለ ይህስ የጌጥ ሕክምና ነው» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም።

ነገሩን ከሕፃን እንጀምር። የታችኛው መንጋጋው እጅግ አንሶ የተወለደ ሕፃን ምላሱ ማረፊያ ያጣና ወደ ጉሮሮው ተንሸራቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ብዙዎቹን በሆዳቸው አስተኝቶ መጠበቅ ይበቃቸዋል። ለማይበቃቸው ግን አንዱ መንገድ ጉሮሮን በስቶ ቱቦ ማግባት ነው፤ ያ ቱቦ በአክታ እንዳይዘጋ ሌሊቱን የሚነቃ ሰው ያሻል። ሌላው መንገድ መንጋጋውን ማስረዘም ነው፤ መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላሱም አብሮ ይመጣል። በዚህ ሕፃን ፊት ቆሞ ስለ ጌጥ የሚናገር ማን ነው?

ጥበቡ የተስፋፋው በእግር ሕክምና ነው። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ ሐኪም በሳይቤሪያ በምትገኘው በኩርጋን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ፥ የተቆረጠ አጥንት ቀስ በቀስ ሲሳብ በክፍተቱ አዲስ አጥንት እንደሚበቅል አሳየ። የክፍለ ሀገር ሐኪም ነበርና ቶሎ የሰማው የለም፤ (ይህ በሌላም አገር የሚታይ ነው)። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ ያሸነፈው ቫሌሪ ብሩሜል በሞተር ብስክሌት አደጋ የተሰበረ እግሩን በርሱ ዘንድ ከታከመ በኋላ ግን ስሙ ገነነ። ለሰው መንጋጋ መዋሉን በኒው ዮርክ እነ ጆሴፍ ማካርቲ በ1992 ጽፈው አስታወቁ።

መንጋጋው ተቆርጦ ብሎን ያለው መሣሪያ ይታሰርበታል። ጥቂት ቀናት ካረፈ በኋላ ብሎኑ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እንዲገፋ ይዞራል። ከፈጠነ አጥንቱ በደንብ አይበቅልም፤ ከዘገየ ያለ ጊዜው ይገጥማል። ጡንቻውና ቆዳውም አብረው ይለጠጣሉ። በመጨረሻም አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር መሣሪያው ለሳምንታት ሳይነቀል ይቆያል። ነርቭ ሊጎዳ፥ ያልበቀለ ጥርስ ሊበላሽ፥ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ሥራው እንደገና የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ።

አገጩን ለመልክ ብቻ የሚያስረዝም ጎልማሳ ተራውን ቢጠብቅ ቅር አይለንም። የሕፃኑ ግን ከትንፋሽ ሕክምና ጋር ይመዝገብ እንላለን። የሆስፒታል በጀት የሚያሰናዱ ወጣት ሹማምንትም የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ አደራ፤ ልጁ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ብሎኑን ጧትና ማታ በቤት የምታዞረው ብዙ ጊዜ እናቱ ናትና፥ እርስዋን የምታስተምር ነርስም በዚያው መዝገብ ላይ ትጻፍ።